መዶሻ እንዲህ አይያዝም

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጁ፤

ጋዜጣችሁ እኛ ድሬዳዋ ሰዎች እጅ የሚገባው አንዳንዴ በማግስቱ፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን አድሮ ነው። ስለዚህ ዘገየህ ብላችሁ አትፍረዱብኝ። ያነበብኩት ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ካለች አንዲት ሻይ ቤት ነው። ሻይ ቤቷ አንድ ጋዜጣ ትገዛለች፤ እኛ ጡረተኞች በተራ እናነባለን። ስፖርት የሚፈልገው ስለሚበዛ የእኔ ተራ የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ወረቀቱም ስኳር ነክቶት ተጣብቆ ነበር።

ስለ ጥንት ግሪክ አማልክት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ነው የምለው። ጥሩ ጽሑፍ ነው። ዜውስ ሁለት ዓምድ ተሰጥቶታል። አፖሎና ፖሲዶንም በወጉ ተነግሮላቸዋል። ሄፋይስቶስ ጋ ሲደርስ ግን ጸሐፊያችሁ አንድ መስመር ተኩል ጣል አድርጎለት አለፈ። ዜውስ ሲወረውረው አንካሳ የሆነ፣ መልከ ጥፉ፣ ሚስቱ የወሰለተችበት፣ አማልክቱ የሚስቁበት ብረት ቀጥቃጭ። አለቀ። ከጎኑ ሥዕል አለ። ወደ ሥዕሉ ኋላ እመለሳለሁ።

እኔ 71 ዓመቴ ነው። ግራ እግሬን በሦስት ዓመቴ የልጅነት ልምሻ ይዞኝ እስከ ዛሬ አነክሳለሁ። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። እኔ ራሴ 34 ዓመት ቶርኖ (ብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ ቆሜ ጡረታ ወጥቻለሁ። ያቺ አንድ መስመር ተኩል ማንን እንደነካች እንግዲህ ይገባችኋል።

ሄፋይስቶስን የተዋወቅሁት ስድብ መስሎኝ ነው። ጊዜው 1963 ነው፤ ባቡር ጥገና ወርክሾፕ ተለማማጅ ሆኜ ከገባሁ ገና ወራት። ከተማችንን ባቡር እንደወለዳት ታውቃላችሁ። ሀዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 እዚህ ደረሰ። የሐረርን ተራራ መውጣቱ ከባድም ውድም ስለሆነ መስመሩ ታች ሜዳው ላይ ቀረ፤ መጀመሪያ ስሟም አዲስ ሐረር ነበር። (ተራራ መውጣት ያቃተው የወለዳት ከተማ ናት እያልኩ አንዳንዴ እቀልዳለሁ። አንካሳ የማትጠየፈውም ለዚህ ይሆናል።) ባቡሩን ተከትሎ ፈረንሳዩም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ የመኑም፣ ህንዱም መጣ።

ከግሪኮቹ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። የውሃ ፓምፕ ዘንግ ተሰብሮባቸው አዲስ ሊያሠሩ መጡ። ከቶርኖው ወደ ሞርሳው (ብረት ጠርንፎ መያዣው) እያነከስኩ ስመላለስ አዩኝና «ኢፌስቶስ!» ብለው ሳቁ። ደሜ ፈላ። ፈረንሳይኛ የሚያውቀውን ፎርማን ጠየቅሁት። «አምላክ ነው ያሉህ፣ ምን ትቆጣለህ?» አለኝ። አምላክ መባሉም ደስ አላለኝም። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ፤ ልስጥራ ላይ በርናባስን ድያ፣ ጳውሎስን ሄርሜን ሲሏቸው ሐዋርያቱ ልብሳቸውን መቅደዳቸውን አውቃለሁ። ድያ ማለት ይኸው ዜውስ ነው።

ሽማግሌው ዘንጉን ሊወስዱ ሲመለሱ፣ ግማሹን በፈረንሳይኛ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ የቀረውን በእጃቸው አስረዱኝ። በእሳት የሚሠራ፣ የሚያነክስ የብረት ጌታ ነው አሉኝ። ግሪኮች እስከ ዛሬ እሳተ ገሞራን በእሱ ስም ነው የሚጠሩት። ኤርታ አሌ እዚሁ አገራችን መሆኑን ስነግራቸው «እንግዲያው ጎረቤትህ ነው» አሉኝ። ከአብዮቱ በኋላ አገር ለቀው ሲሄዱ ሌላ የሠራሁላቸው ዕቃ 15 ብር ነበረባቸው። በዚያ ፈንታ በፈረንሳይኛ የተተረጎመ፣ የጥንቱን ግሪካዊ ባለቅኔ የሆሜርን ኢሊያድ ሰጡኝ። ያኔ የተሸነገልኩ መስሎኝ ነበር። በሥራ ላይ በተማርኩት ፈረንሳይኛ አንብቤ ለመጨረስ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

አሁን ወደ ሳቁ። «አማልክቱ የሚስቁበት» የሚለው ሐሰት አይደለም፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ አለ። ግብዣ ላይ ዜውስና ሚስቱ ሄራ ይጣላሉ። እጄን ያነሳሁ እንደሆነ የሚያስጥልሽ የለም ይላታል። አዳራሹ ጸጥ ይላል። ያኔ ልጇ ሄፋይስቶስ ብድግ ብሎ ጽዋ በእጇ ያስይዛታል፣ ይለማመጣታል። አንድ ጊዜ ላንቺ ባግዝ እግሬን ይዞ ወረወረኝ፤ ቀኑን ሙሉ ስወድቅ ውዬ ጀምበር ስትጠልቅ ሌምኖስ ደሴት ላይ ተፈጠፈጥኩ ይላታል። ሄራ ፈገግ ትላለች። ከዚያ ለሁሉም ከቀኝ ጀምሮ ይቀዳላቸዋል። ያ አንካሳ እንደ አሳላፊ አዳራሹን ሲዞረው ሲያዩ አማልክቱ ሳቃቸው አልቆም አለ።

ድግስ ላይ ባልና ሚስት ሲጣሉ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ሰው ራሱን ማሳቂያ አድርጎ ነገሩን ያበርደዋል። እኔ በዚህ እግሬ ስንት ጠብ አብርጃለሁ መሰላችሁ፤ አነካከሴን ትንሽ ጨመር እያደረግሁ። ይህን የሚያነክስ ሰው ያውቀዋል።

ጸሐፊያችሁ የዘለለው ከሳቁ በታች ያለውን ነው። ጥቂት መስመር ዝቅ ሲል ይመሻል፣ አማልክቱ ሊተኙ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ሆሜር እዚያችው ላይ ቤቱን ማን እንደሠራላቸው ይናገራል። ያው አንካሳው ነው። የእያንዳንዳቸውን። ሲስቁበት አምሽተው እሱ በሠራው ቤት ገብተው ተኙ።

ይህን ሳነብ የመጣብኝን ልንገራችሁ። በ1972 ሽማግሌ ልኬ ነበር። የልጅቷ አባት ባለወፍጮ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቹን በወጉ ተቀበሉ፣ ቡና ተፈላ። ከዚያ «አባቱ ምን ነበር ሥራው?» ብለው ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ «የባቡር ሰው» ብለው ሊያልፉ ሞከሩ። እሳቸው ግን ቀድመው አጣርተዋል። «እግሩስ ይሁን፣ የእግዜር ነው» አሉ አሉ፤ «አጥንቱን ግን ልጄ ላይ አላመጣም።» ሁለት ዓመት ሳይሞላ የወፍጮአቸው ዘንግ ተሰበረ። ማታ ማታ ወደምሠራበት የግል ቶርኖ ቤት በጆንያ ጠቅልለው ላኩት። ሠራሁት። ሦስት ጊዜ በካሊፐር ለካሁት። ዋጋው ላይ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ወፍጮው ሲነሳ ድምፁ እስከ አስፋልቱ ይሰማ ነበር። ባለቤቴ (ሌላ ናት፣ የተሻለች) ይህን አንቀጽ አውጣው ብላኛለች። አላወጣሁትም።

ቀጥቃጭ መባል ምን እንደሆነ የማያውቅ ወጣት አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጠይብ ይባላል። ቡዳ ይባላል። ኦሮሞ ጎረቤቶቻችን ቱምቱ ይሉታል፤ እነሱም ዘንድ ከቱምቱ ጋር መጋባት ቀላል ነገር አልነበረም። ሰው ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን ከአባቴ ይገዛል፤ ቤታችን ገብቶ ቡና ጠጣ ሲባል ግን ይቸኩላል። የኦሪቱ ብረት ሠሪ ቱባልቃይን የቃየን ዘር መሆኑንም ሰባኪው አይረሳትም። አባትህ ሌሊት ጅብ ይሆናል ያሉኝ ልጆችም ነበሩ። ያኔ አለቅስ ነበር። ካደግሁ በኋላ ግን፣ አባቴ ጅብ ቢሆን ኖሮ ሐረር ሄዶ በየማታው ከሰው እጅ ሥጋ በነጻ ይበላ ነበር፣ እኛም ከወጪ እንገላገል ነበር እላለሁ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁን የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ስድቡን የማያውቅ የለም።

ሄፋይስቶስን ሥራው ላይ ማየት የፈለገ የኢሊያድን 18ኛ ምዕራፍ ይክፈት። የግሪኮቹ ጀግና አኪሌስ የጦር ልብሱ ተወስዶበታል። እናቱ ቴቲስ፣ የባሕር አምላክ ናት፣ አዲስ ልታሠራለት ትመጣለች። ስትደርስ ሄፋይስቶስ ላብ በላብ ሆኖ ወናፉ ዙሪያ ይሯሯጣል። ባለ ሦስት እግር ትልልቅ ዕቃዎች እየሠራ ነው፣ 20 ናቸው። ከእግራቸው ሥር የወርቅ ጎማ አድርጎላቸዋል፤ በራሳቸው እየተንከባለሉ ወደ አማልክት ስብሰባ ሄደው በራሳቸው ይመለሳሉ። (ልጄ «ሮቦት ነዋ!» አለኝ። ሲራመድ የሚደግፉት፣ የሚያስቡና የሚናገሩ የወርቅ ሴቶችም አሉት። እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።)

ሆሜር እዚህ ጋ አንድ ነገር ይላል። ዕቃዎቹ አልቀዋል፤ ያልተገጠመው ጆሯቸው ብቻ ነው፤ ለጆሮው ማያያዣውን እየቀጠቀጠ ነበር። ግሪክኛውም ጆሮ ነው የሚለው አሉኝ ሽማግሌው። እኛም የጀበና ጆሮ፣ የስኒ ጆሮ እንላለን። ጆሮ መግጠም ትንሽ ሥራ ትመስላለች። የሠራት ሰው ግን ይፈራታል። ዕቃው አልቆ፣ ልብህ አርፎ፣ የሚሰነጠቅብህ እዚያች ላይ ነው።

እንግዳ መጣ ሲባል ደግሞ እንዳለ ሮጦ አይወጣም። ወናፉን ከእሳቱ ያርቃል። መሣሪያዎቹን ሰብስቦ በብር ሣጥን ይከታል። በስፖንጅ ፊቱን፣ ሁለት እጆቹን፣ ያን ደንዳና አንገቱን፣ ፀጉራም ደረቱን ያብሳል። ልብሱን ይለብሳል፣ ዱላውን ይይዛል፣ እያነከሰ ይወጣል። እዚህ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ለብቻዬ ሳቅሁ። እኛው ነን። ደወል ሲደወል እጃችንን በናፍጣ አሽተን፣ በሰጋቱራ አድርቀን፣ በኦሞ ታጥበን፣ ሞረዱን ከሞረድ፣ ካቻቢቴውን ከካቻቢቴ መልሰን ነው ሰው ፊት የምንቀርበው። ሆሜር ዓይነ ስውር ነበር ይባላል። እኔ አላምንም። ይህ ሰው ቀጥቃጭ ቤት በር ላይ ቆሞ አይቷል።

ቴቲስ ለሄፋይስቶስ ባለውለታ ናት። አንካሳ ሆኖ በመወለዱ እናቱ አፍራ ከሰማይ ስትጥለው የተቀበለችው እሷና አንዲት ጓደኛዋ ናቸው። 9 ዓመት ዋሻ ውስጥ ተደብቆ ጌጥ ሲሠራላቸው ኖሯል። ስለዚህ የዋጋ ነገር አይነሳም። ክፉ ቀን ሲመጣበት ልጅሽን ከሞት መሸሸግ ብችል ምንኛ ደስ ባለኝ፤ መሣሪያውን ግን ያየው ሁሉ ይደነቃል ይላታል። የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ ነገራት።

ለአኪሌስ በሠራው ጋሻ ላይ ጦርነት ብቻ መስሎኝ ነበር የቀረጸው። ሠርግ አለ። አደባባይ ላይ ሙግት አለ፤ በደም ካሣ የሚከራከሩ ሁለት ሰዎች፣ በለሰለሰ ድንጋይ ላይ ክብ ሠርተው የተቀመጡ ሽማግሌዎች፣ መሃል ላይ ደግሞ ፍርዱን አቅንቶ ለሚፈርድ የሚሰጥ ወርቅ። ሐረርጌ ውስጥ የጉማ እርቅ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ግሪክኛ አያስፈልገውም። ከዚያ እርሻ አለ። ገበሬዎቹ ጥማዳቸውን ነድተው ትልሙ ጫፍ ሲደርሱ አንድ ሰው የወይን ጠጅ ያቀብላቸዋል። ከኋላቸው የታረሰው መሬት ይጠቁራል፣ ወርቅ ሆኖ ሳለ።

ይቺ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። ወርቅ እንዴት ይጠቁራል? ብረት ቢሆን አውቀዋለሁ። የተወለወለ ብረት ቀስ ብሎ ሲሞቅ መጀመሪያ ገለባ ይመስላል፤ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ ይሆናል። አባቴ መሮ ሲያጠነክር ከእሳቱ ጎን ቁጭ ብሎ ያንን ቀለም ይጠብቃል፣ ሰው ቢጠራው አይሰማም። ወይን ጠጁ ጫፉ ላይ ሲደርስ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል። ቸኩሎ ከነከረው መሮው ይሰበራል፤ ካሳለፈው ይዶለዱማል። ቴርሞሜትር የለ፣ መጽሐፍ የለ። ወርቅ ላይ ግን ይህ አይሠራም። ሐረር ያለ አንድ አንጥረኛ ጠየቅሁ። «ቆርቁረህ፣ ብር ከድኝ ጋር አቅልጠህ ብትሞላበት ይጠቁራል» አለኝ። ሆሜር ያንን አስቦ ይሁን አይሁን እሱ ያውቃል።

የሚስቱን ነገር ባጭሩ። አዎ፣ አፍሮዲት ከጦር አምላኩ ከአሬስ ጋር ወስልታለች። እሱ ግን መስፉ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ፣ አማልክት እንኳ የማያዩት መረብ ሠራ። አልጋው ላይ ዘረጋው። ሁለቱም እንደተኙ ተጠምደው ቀሩ። አማልክቱ በሩ ላይ ቆመው የሳቁት በማን ይመስላችኋል? አሬስ ከሁሉም ፈጣን ነበር፤ «አዝጋሚው ፈጣኑን ያዘው» ነው የተባባሉት።

ሁሉን ነገር ግን አላሞግስለትም። ፕሮሜቴዎስ እሳትን ለሰው ልጅ በመስጠቱ ሲቀጣ፣ ከዓለት ጋር በሰንሰለት የቸነከረው ሄፋይስቶስ ነው። በአንድ ጥንታዊ ቴአትር ላይ እያዘነ፣ የገዛ ሙያውን እየረገመ ነው የሚያስረው። ቆሞ የሚያሠራው ግን «ጠበቅ አድርገህ ምታ» ይለዋል። ይመታል።

በ1970 አንድ ቀን እኔም ፌሮ በልክ ቆርጬ እንድበይድ ታዘዝኩ። የመስኮት ነው አሉኝ። የየትኛው መስኮት ብዬ አልጠየቅሁም፤ የሚጠየቅበት ጊዜ አልነበረም። በኋላ ከዚያ መስኮት ጀርባ አንድ የሰፈሬ ልጅ እንደነበረ ሰማሁ። ብየዳው ጥሩ ብየዳ ነበር።

አንድ ማረሚያም አለኝ። ጸሐፊያችሁ ዜውስ ሲወረውረው ነው ያነከሰው ብሏል። ሆሜር ዘንድ አባቱ የወረወረው አንድ ታሪክ ነው፤ እናቱ የጣለችው ሌላ። በሁለተኛው ከተሄደ ከመውደቁም በፊት አንካሳ ነበር። ልዩነቱ ለእኔ ትንሽ አይደለም። ልምሻ የያዘውን ልጅ ሲያዩ «ምን አጥፍተው ነው?» እያሉ እናቴን ያስለቀሷት ጎረቤቶች ነበሩን።

ሴት ልጄ በስልኳ የአቴንስን ፎቶ አሳይታኛለች። የዜውስ ቤተ መቅደስ 104 ዓምዶች ነበሩት፤ ዛሬ የቆሙት 15 ናቸው። አንዱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነፋስ ጥሎት እንደተከተፈ ካሮት መሬት ላይ ተዘርሯል። የሄፋይስቶስ ቤት ግን ከጥንቱ ገበያ በላይ ካለች ጉብታ ላይ 34 ዓምዶቹን ይዞ ቆሟል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን የተጀመረ ነው። የተረፈው ለብዙ መቶ ዓመታት ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ስላገለገለ ነው። የማን? የቅዱስ ጊዮርጊስ። ይህን ሻይ ቤት ስናገር ከጓደኞቼ አንዱ አማተበ፤ ሌላው ደግሞ «ፈረሱን ማን ጫማ ያደርግለት ነበር ታዲያ?» ብሎ አሳቀን።

የሥዕሉን ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። ሠዓሊያችሁ ሄፋይስቶስን መዶሻውን ከአንገቱ አጠገብ አስይዞታል። እንዲህ የያዘ ሰው ብረቱን ሳይሆን የራሱን ትከሻ ነው የሚመታው። መዶሻ እጀታው ጫፍ አካባቢ ነው የሚያዝ፤ ክብደቱ ራሱ ይሠራል፣ አንተ ትመራዋለህ። ግራ እጁ ደግሞ ባዶ ነው። ጉጠቱ የታለ? ያንን የጋለ ብረት በምን ይዞት ነው?

ሠዓሊው ድሬዳዋ ብቅ ካለ ለገሃሬ መጥቶ «አንካሳው የቶርኖ ሰው» ብሎ ይጠይቅ። የአባቴ መስፍና መዶሻ ግቢዬ ውስጥ አሉ። አያያዙን አሳየዋለሁ፣ ከፈለገም ፎቶ ያንሳኝ። ከአሥር ሰዓት በፊት ግን እንዳይመጣ፤ ሙቀቱ አይቻልም።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ ቶርኖ ሠራተኛ፣ ድሬዳዋ